በራችን ላይ የቆመው የጋሽ ሁሴን አካፋ

አባዬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። እማዬ ደህና ናት። ኮድቡር ሰፈር ባለው ሱቋ ያንተን ወንበር ለማንም አትሰጥም፤ ደንበኛ ሊቀመጥበት ሲል «እሱ ይነቃነቃል» ብላ ታስነሳዋለች። አይነቃነቅም። እኔ በማኔጅመንት ተመርቄያለሁ። ሲቪዬን ያላስገባሁበት ቢሮ ሀርጌሳ ውስጥ የለም፤ ይጠሩኛል፣ እርግጠኛ ነኝ። እስከዚያው የወንድማማቾች የቀብር ማኅበሩ ጸሐፊ አድርጎኛል። አዎ፣ ያንተ ማኅበር!

አንድ ጥፋት ስላጠፋሁ ግን ራሴ ልንገርህ።

በተመረጥኩ በሳምንቱ ማኅበሩን ላዘምን ተነሳሁ። ሰው ሲሞት በር ለበር እየዞሩ መንገር ምን ያደርጋል፣ በስልክ ግሩፕ አንድ መልእክት ይበቃል አልኩ። ሽማግሌዎቹ ዝም ሲሉ እሺ ያሉ መሰለኝ።

ልብስ ሰፊው ጋሽ ኑሩ ከሱብሒ ሰላት በኋላ አረፉ። መልእክቱን ላክሁ፣ ከዙሁር ሰላት በኋላ ቀበርናቸው። ሶማሌ ጎረቤቶቻቸው ሳይቀሩ ስለመጡ ሰው ሞልቶ ነበር፤ በልቤ ኮራሁ። የልብ ጓደኛቸው ጋሽ ሁሴን አለመኖራቸውን ግን ልብ አላልኩም። ስልካቸው እኮ ያቺ ባለ ቁልፏ ናት! ግሩፑ ውስጥ ያስገባሁት የልጃቸውን ቁጥር ነበር፤ እሱ ደግሞ በርበራ ሥራ ላይ ሆኖ መልእክቱን አላየም።

ጋሽ ሁሴን የሰሙት ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ከባለ ሱቅ ነው። ከሚኖሩበት ከ26 ጁን ሰፈር በባጃጅ ከነፉ። እኛ ግን ከቀብር ተመልሰን ነበር። እሳቸው አካፋቸውን ይዘው ነበር። ወጉን ታውቃለህ፤ በማኅበራችን ቀብር የሚቆፍረው ወንድም ነው፣ የመጀመሪያውን አፈር የሚያነሳው ደግሞ የሟቹ የቅርብ ጓደኛ። እሳቸውና ጋሽ ኑሩ ከወሎ በአንድ መኪና የመጡ ናቸው። አካፋውን በራችን ላይ አስደገፉና ሄዱ።

እማዬ አየችውና «በቃ፣ አካፋውን የተወ ከማኅበሩ ወጣ ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያም አንተ ነግረኸኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። አንተና ስድስት ጓደኞችህ፣ ሰባታችሁም ወጣት ሆናችሁ፣ በተሸካሚነት ስትሠሩ፣ አንድ የአገራችሁ ልጅ የቀን ሠራተኛ እዚህ ሞተ። ደግ የከተማው ሰዎች አጥበው ቀበሩት፤ የአባቱን ስም የሚነግራቸው ግን አልነበረም። እናንተ በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ሰማችሁ። ማኅበሩን ያቋቋማችሁት በዚያው ሳምንት ነው። የመጣበት አገር አይጠየቅም፣ ብሔሩም አይጠየቅም፤ የወንድም ሞት ግን በእግር ተሄዶ፣ እጅ ተይዞ ይነገራል። ጋሽ ሁሴን ከሰባቱ አንዱ ናቸው። ዳግመኛ የወንድማቸውን ሞት መንገድ ላይ ያሰማኋቸው እኔ ነኝ።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ አካፋውን ይዤ ባጃጅ ገባሁ። ሾፌሩ «ወርቅ ልትቆፍር ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ጋሽ ሁሴን በራቸው ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። ስለማመደው የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝና «አጥፍቻለሁ፣ አፉ ይበሉኝ» ብቻ አልኩ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረህ በር ማንኳኳት አላስተማሩህም?» አሉኝ። ከዚያ ጫማቸውን አደረጉ።

መጀመሪያ ጋሽ ኑሩ መቃብር ወሰድኳቸው። የቀብሩን አፈር በአካፋው ዙሪያውን አስተካከሉ፣ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ የየወንድሙን በር አዞሩኝ። ጋሽ ሰይድ ጆሯቸው ስለከበደ የሚንኳኳው መስኮታቸው ነው። የጋሽ ይማም ልብ ደካማ ስለሆነ ቀድማ የምትጠራው ሚስታቸው ናት። ጋሽ ሁሴን እንዳሉኝ ይህን ሁሉ ያጠናኸው አንተ ነህ። «አባትህ ሰው ሳይቀመጥ አፉን አይከፍትም ነበር።»

ግሩፑ አልተዘጋም፤ ለሠርግና ለወለዱ ሰዎች ይሁን ተባለ። ደስታ በስልክ ቢመጣ ማንንም አይጎዳም።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ወንድም አረፈ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። የመጀመሪያው በር የጋሽ ሁሴን ነበር። እስኪቀመጡ ጠበቅሁ፣ እጃቸውን ይዤ ነገርኳቸው። ከዚያ ከበሩ ጀርባ አካፋቸውን አነሱና «ና እንሂድ፣ ጸሐፊው» አሉኝ።

ሥራ አገኛለሁ፣ አባዬ፣ አትጠራጠር። የፈለገው ቢሮ ብቀጠር ግን ወንድም ሲሞት በር የማንኳኳው እኔ ነኝ። አንኳኩቼ፣ ሰውየው እስኪቀመጥ በጠበቅሁባት በእያንዳንዷ ደቂቃ አንተን አስታውሳለሁ።

ልጅህ አብዱ