የግንበኛው ልጅና ማንኪያዋ

ለእናትም ለእህትም ለሆንሽልኝ ለእትዬ፤

እንዴት ከረምሽልኝ? ጤናሽስ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይቆረጥምሻል ወይስ ቅባቱ ጠቀመሽ? ቅባቱን ገዝተሽ መሳቢያ ውስጥ እንዳላስቀመጥሽው እርግጠኛ አይደለሁም፤ ማዪልኝ። ጋሼስ ደህና ነው? ሳሉ ለቀቀው? መንታዎቹስ አሁንም በአንድ ማበጠሪያ ይጣላሉ? አክስታችን የዓይኗ ሞራ ከተገፈፈላት ወዲህ አጥርታ ማየት ጀመረች ማለትሽ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ብቻ አሁን ደግሞ የጓዳውን አቧራ ሁሉ አይታ መከራሽን ሳታበላሽ አትቀርም። እኔ በበኩሌ ጤናዬ ሙሉ ነው፣ ሥራዬም ሰላም ነው፤ የጎደለኝ ነገር ቢኖር የእናንተ ጫጫታ ነው።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ መቀስሽን አስቀምጠሽ፣ መነጽርሽን በቀሚስሽ ጫፍ ጠርገሽ እንደምታነቢው ስለማውቅ ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ ነው። አስቀድሜ ግን የላክሽልኝ የኮት ቁልፍ ከረጢት ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ። ትልልቆቹን የማዕከላችን ልጆች ገመድ ላይ ይሰኳቸዋል። አንዱን ሊውጥ የሞከረ ስለነበር ትንንሾቹን ቆልፌባቸዋለሁ።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ "ለመሆኑ የምትሠራው ምንድን ነው? ጎረቤት ሲጠይቀኝ ሐኪም ነው እንዳልል መርፌ አትወጋ፣ አስተማሪ ነው እንዳልል ፊደል አታስቆጥር" ብለሽኛል። እውነትሽን ነው። የሥራ መታወቂያዬ ላይ "ኦኩፔሽናል ቴራፒስት" ይላል፤ ይህን ለአክስታችን ብታነቢላት በሽታ የያዘኝ መስሏት ታለቅሳለች። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ትምህርት ቤት ያልደረሱ፣ እጃቸው ወይም እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው፣ ወይም ነገር የሚገባቸው በሌላ መንገድ የሆነ ልጆች አሉ። እነሱ በራሳቸው እንዲበሉ፣ እንዲለብሱ፣ እጃቸውን እንዲታጠቡ፣ እንዲጫወቱ ማለማመድ ነው ሥራዬ። ለሚያየኝ ሰው ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ የምጫወት እመስላለሁ። ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ አልቋል፣ እጅጌዬ ሁልጊዜ ቀለም ነው። "አይዞሽ፣ አይዞህ" ስለማበዛ አንዲት ልጅ ስሜ እሱ መስሏታል። ውሃ ሲጠማት "አይዞሽ! ውሃ!" ብላ ነው የምትጣራው። የዛሬው ወሬዬ የእሷ ነው።

ይህችን ልጅ ሰፈሩ "እሜቴ" ይላታል። የካቲት ላይ አራት ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር። ያለ ጊዜዋ ተወልዳ ግራ ጎኗ ግትር ብሎ ቀርቷል፤ ግራ እጇን ጨብጣ ደረቷ ላይ ለጥፋ ነው የምትውለው። እናቷ በወለደቻት በሳምንቷ አረፈች። አባቷ ግንበኛ ነው፤ ትከሻው የበር ያህል የሰፋ፣ መዳፉ እንደ ጡብ የሻከረ ሰው። እሜቴ የተባለችውም በእሱ ምክንያት ነው፤ ልጁን መሬት አያስነካትም። በትከሻው ያመጣታል፣ በትከሻው ይወስዳታል። ምሳ ሰዓት ሲሆን ከሚሠራበት ሕንፃ እየሮጠ ይመጣና እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ እያንዳንዷን ማንኪያ እፍ ብሎ አብርዶ ያበላታል። ከዚያ የራሱን ዳቦ እየገመጠ ወደ ሥራው ይሮጣል።

ማዕከላችን ልጆችን የሚይዘው አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ካልተቀበላቸው ዕጣቸው ቤት መዋል ነው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጥብቅ ሴት ናት፤ ክፉ ግን አይደለችም። የካቲት ላይ እሜቴን አይታ፣ "ልጅቷ ብሩህ ናት፣ ብወስዳት ደስ ይለኛል። ነገር ግን አንዷ መምህር አርባ ልጅ ይዛለች፤ ቁጭ ብሎ የሚያበላት ሰው ከየት አመጣለሁ? ምሳዋን ራሷ ከበላች መስከረም ላይ አምጧት" አለች።

እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ችኩል ነኝ። ይህን ካለች ገና በሁለተኛው ሳምንት አባትየውን "ዛሬ አንተ አታብላት፣ እስቲ ራሷ ትሞክር" አልኩት። ሩዙን ከፊቷ አኑሬ ማንኪያ አስጨበጥኳት። ማንኪያው ወደቀ። አንስቼ ሰጠኋት፣ አሁንም ወደቀ። አለቀሰች። "ግድ የለም፣ ትንሽ ታልቅስ፣ ትለምደዋለች" አልኩ። አሁን ስጽፈው ራሱ ፊቴ ይግላል። አባትየው ጥግ ቆሞ ባርኔጣውን ሲጨምቅ ቆየና ድንገት መጥቶ ልጁን ብድግ አደረጋት። "ልጄን በረሃብ ነው የምታስተምራት?" አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ይዟት ወጣ፤ በማግስቱ አልመጡም፤ በሳልስቱም አልመጡም።

ሦስት ሳምንት እንደዚያው ሆነ። የምትበላበት ሽርጧ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት አልተነሳም፤ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል። ሌሎቹ ልጆች "እሜቴስ?" ይሉኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ሥራ ትቼ የጽሕፈት ሥራ ልፈልግ ብዬ ማመልከቻ መጻፍ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ያዳነችኝ አለቃዬ ናት፤ ሃያ ዓመት በዚህ ሙያ የቆየች፣ ሁላችንም "ትልቋ" የምንላት ሴት። "አባትየው ግትር ነው" ብዬ ስከሰው ከመነጽሯ በላይ አየችኝና፣ "ማንኪያውን ተወውና፣ ያን ቀን እግሯ የት ነበር?" አለችኝ። ማሰብ ጀመርኩ፣ አላስታወስኩም። "እንግዲያው ቤታቸው ሂድና ይቅርታ ጠይቅ። ስትመለስ እግሯ የት እንደሚሆን ትነግረኛለህ" አለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ቤታቸው ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። አባትየው በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ግባም አላለኝ፣ ሂድም አላለኝ። ከውስጥ ግን "አይዞሽ መጣ! አይዞሽ መጣ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። እሱም ምን ያድርግ፣ ገለል አለልኝ።

ቁጭ ሳልል "አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። በርጩማ ገፋ አደረገልኝ። ከዚያ ዓይኑን ከልጁ ላይ ሳያነሳ ነገረኝ። የሦስት ወር ሕፃን ሳለች ወተት ትን ብሏት ትንፋሿ እጁ ላይ ቆሞ ነበር። ጎረቤት ደርሶ ጀርባዋን መትቶ ነው የተረፈችው። "ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትውጠውን ሁሉ አብሬያት ነው የምውጠው" አለኝ። እኔ ለዚህ ሰው ነው "ትንሽ ታልቅስ" ያልኩት። ፋይሏን አገላብጬ አንብቤ ነበር፤ እሱን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

የመጣሁበት ነገር ትዝ ሲለኝ ወደ እግሯ አየሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሮቿ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ደህናው ቀኝ እጇ ፍራሹን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። ለካስ ያ እጅ ሥራ ላይ ነው! እንዳትወድቅ የያዛት እሱ ነው፤ በየት በኩል ማንኪያ ይያዝ? እኛም ዘንድ ያስቀመጥኳት እግሯ መሬት በማይደርስበት ወንበር ላይ ነበር። ይህን ለአባትየው አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ እግሯን አየ፣ እጇን አየ፣ ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ አደረገና፣ "እና መሠረት ሳንጥል ነው ግድግዳው ካልቆመ ብለን የተጣላነው?" አለ። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

በሳምንቱ ልጁን በአንድ ትከሻው፣ በሌላው ወንበር ተሸክሞ መጣ። ከሕንፃው በተረፈ እንጨት የሠራው ነው፤ የእግር መርገጫ አለው፣ የክንድ ማሳረፊያ አለው፣ ስንጥር እንዳይወጋት በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ እንደ ሐር ልሟል። ትልቋ ዞራ ዞራ አየችውና "ይህን ሰው ቅጠሩልኝ" አለች። ከዚያ ልጅቷ ስትውጥ በደንብ አስተውላ፣ ጉሮሮዋን ዳስሳ፣ "አዋዋጧ ደህና ነው፤ እየተጠነቀቅን እንቀጥላለን" ስትለው ትከሻው ዝቅ ሲል በዓይኔ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የልፋት ነው። የማንኪያውን እጀታ በብስክሌት መሪ ላስቲክ አወፈርነው። ሳህኑ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አደረግን። ሩዝና እርጎ ጆሮዋ ውስጥ፣ ፀጉሯ ላይ፣ የእኔ መነጽር ላይ ተገኝቷል፤ አፏ ውስጥ ብቻ ጠፋ። ማንኪያውን ትይዛለች፣ ትዝቃለች፣ ግማሽ መንገድ ታደርሰውና አባቷን አይታ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። እንዲህ ሆነን ሁለት ወር አለፈ። እኔም አልቸኮልኩም፤ ልቤ ቢቸኩልም አፌን ይዣለሁ።

አንድ ማክሰኞ አባትየው እንደ ልማዱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ነበር። ጠዋት ሙሉ ኮንክሪት ሲሞሉ ስለነበር ዳቦውን እንኳ አልቀመሰም፣ ሆዱ ጮኸ። ሁላችንም ሰማነው። እሜቴ በማንኪያዋ ዛቀች፣ አነሳች፤ ማንኪያው እየተንቀጠቀጠ በአፏ አጠገብ አለፈና ቀጥ ብሎ ወደ አባቷ ሄደ። "ብላ" አለችው። ግማሹ ሩዝ ሸሚዙ ላይ ነው የፈሰሰው። ያን ትልቅ ሰው አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑ ሞልቶ፣ ሩዝ ሲቀበል ብታይው! ሩዙን አፉ ውስጥ እንደያዘ ልጁን ያያታል። እሷ ግን ዋጥ እስኪያደርግ ትጠብቀዋለች፤ ልክ እሱ እንደሚጠብቃት። ከዚያ አንድ ለእሱ፣ አንድ ለራሷ እያለች ሳህኑን ጨረሰች። ትልቋ ወደ መስኮቱ ዞራ መጋረጃ የምታስተካክል መሰለች፤ መስኮቱ ግን መጋረጃ የለውም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዳይሬክተሯ ልታያት መጣች። አባትየው ያን ቀን ከሥራ ቀርቶ ፂሙን ተላጭቶ ነበር። እሜቴ እንግዳ ስታይ ደነገጠች መሰለኝ፣ ገና በሁለተኛው ማንኪያ ሳህኑን ገፋችውና እርጎው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። አባትየው ከመቀመጫው ሲነሳ በዓይኔ "ተው" አልኩት። እንዴት እንደታገሠኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። መልሶ ቁጭ አለ። እሜቴ የተደፋውን አየች፣ ዳይሬክተሯን አየች። ከዚያ ከሥር ያለውን እርጥብ ጨርቅ ጎትታ መጥረግ ጀመረች። ጨርቁ በአንድ እጅ አልታዘዝ ሲላት፣ እትዬ፣ ያ ደረቷ ላይ ተለጥፎ የኖረው ግራ እጇ ቀስ ብሎ ወረደና የጨርቁን ጫፍ ያዘ። ማንም አላዘዛትም። ጠርጋ ስትጨርስ ባዶውን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና "ጨምር" አለችኝ።

ዳይሬክተሯ ሳቋን ለቀቀችው። "አርባ ልጅ አለኝ፣ ሲደፋ የሚጠርግ ግን አንድም የለኝም። መስከረም ላይ እጠብቃታለሁ" አለች።

ትምህርት የተጀመረው ትናንት ነው። አባትየው ወንበሯን ቀድሞ አድርሶላት ነበር። በር ላይ ከትከሻው አወረዳት፤ እሷም በክረምቱ ባለማመድናት ትንሽ ከዘራ ተደግፋ ጥቂት እርምጃ ሄደችና ዞር ብላ "አባ፣ በቃ ሂድ" አለችው። እሱም እሺ ብሎ መንገዱን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ገባ። ከልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጦ እጆቹን አንዴ ጉልበቱ ላይ፣ አንዴ ኪሱ ውስጥ ያደርጋል። "ዛሬ ሥራ ፈታሁ" አለኝ። ሻይ ሰጠሁት፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልቀመሰውም። ከዚያ ተነስቶ "ይህች የበራችሁ ደረጃ ተሰንጥቃለች" ብሎ ሲሚንቶ ሊያመጣ ሄደ።

እሱ ደረጃውን ሲጠግን እያየሁ አንቺን አሰብኩሽ። ወደዚህ ስመጣ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል የኮሌታዬን ቁልፍ ፈትተሽ መልሰሽ ስትቆልፊው፣ ደግሞ ስትፈቺው፣ "እትዬ በቃ፣ ሰው ያየናል" ብዬ እጅሽን ገፋሁት። አፍሬብሽ ነበር። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ልብሴን ያለበስሽኝ፣ ጫማዬን ማሰር እስክችል ደጅ ላይ ጎንበስ ብለሽ የጠበቅሽኝ እጆች የሚያደርጉትን አጥተው እንደነበር ትናንት ነው የገባኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ዛሬ በእጄ የማውቀውን ሁሉ መጀመሪያ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽና አመሰግንሻለሁ።

ለጋሼ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፤ ሲጋራውን ካልተወ ግን ሳሉን አልጠይቅለትም። አክስታችንን ሁለቱንም ዓይኖቿን ሳሚልኝ። ለትልቋ ልጅሽ ለፈተናዋ በርቺ በያት። ለመንታዎቹ አንድ አንድ ማበጠሪያ ልኬላቸዋለሁ፣ እንግዲህ ሌላ የሚጣሉበት ይፈልጉ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊውንም ሰላም በይልኝ፤ የኔን ሥራ ከጠየቀሽ ደግሞ ይህን ደብዳቤ አንብቢለት።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከትምህርት ቤቱ ማዶ፣ ከማዕከሉ
መስከረም ፲፬ ቀን