ለአከራዬ ያነበብኩት ልብ ወለድ

ሰኞ

ደጃዝማቹን ጨረስናቸው። ያንን የሚያህል የሕይወት ታሪክ ጽፈው አንድም ቀን አልተሳሳቱም፤ በቅሏቸው እንኳ መንገድ አልሳተችም። አከራዬ አቶ ሽብሩ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ሱቃቸው ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ሲያልቅ፣ "እኚህ ሰውዬ ጎረቤት የላቸውም እንዴ?" አሉ። ከዚህ የተሻለ ሂስ አላውቅም።

ልጃቸው ዘነበች የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ሳቀች። እውነቱን ልጻፈውና፣ የማነበው ለእሷ ነው። እሷም ታውቃለች። አባቷ ካወቁ ግን ቤቱንም ልጅቱንም በአንድ ቀን አጣለሁ።

ማክሰኞ

ልብ ወለድ ጀመርን። ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ሲመጣ "ታለቅሳለህ" ብሎ የሰጠኝ ነው። አስቀድሜ ሳላየው ማንበቤ! ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ተከራይ የአከራዩን ልጅ ይወዳል። ተከራዩን እዚያው የቆዳ ነጋዴ አደረግኩት።

"ነጋዴው ለምን እነሱ ቤት ያድራል?" አሉ አቶ ሽብሩ።

"እንግዳ ነው።"

"ስንት ጊዜ ተቀመጠ?"

"ሦስት ወር።"

"ሦስት ወር የተቀመጠ እንግዳ ኪራይ ይክፈል።"

የስፌት መኪናው ቆመ። ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም።

ረቡዕ

የቀረውን ጠዋት በችኮላ አነበብኩት። ጉድ ነው! ተከራዩ ልጅቷን በጭነት መኪና ይዟት ይጠፋል። የደራሲው ቋንቋ ይጥማል፤ ሴት ልጅ ግን ያለው አይመስለኝም። እዚህ ቡታጅራ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ከልጅቷ ቤተሰብ ጋር ከነዘመዱ ይጣላል።

ከሰዓት በኋላ "ጉሮሮዬን አሞኛል" አልኩ። አቶ ሽብሩ ዝንጅብል በማር አስፈልተው አጠጡኝ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው መዋሸት እንዴት ያሳፍራል!

ሐሙስ

ዛሬም አሞኛል አልኩ። አቶ ሽብሩ ግን ታሪኩን አንጠልጥለው መቆየት አልቻሉም። "ዘነቡ፣ በይ አንቺ አንብቢው" አሉ። መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችው።

"ተከራዩም…" ብላ ጀመረች። የቆዳ ነጋዴዬ አበቃለት። አቶ ሽብሩ ዞር ብለው አዩኝ።

የጭነት መኪናው ገጽ ላይ ደረሰች። ድምጿ ሳይለወጥ አነበበች፦ "ልጅቷም 'ከወደድከኝ ለአባቴ ሽማግሌ ላክ እንጂ በመኪና አልጠፋም' አለችው።"

መጽሐፉ እንዲህ አይልም! በዚያ ገጽ ልጅቷ መኪናው ላይ ወጥታለች።

አቶ ሽብሩ ሚዛናቸውን መወልወል ጀመሩ። "ጨዋ ልጅ ናት። ለመሆኑ የተከራዩ ዘመዶች የት አገር ናቸው?"

ዘነበች ገጽ ገለጠች። "ቸሃ። እምድብር አካባቢ።"

እምድብር የኔ አገር ነው። የምገባበት ጠፋኝ።

"ሩቅ ነው" አሉ፤ አሁን የሚያዩት እሷን ሳይሆን እኔን ነው። "መንገዱም ጭቃ ነው። ሽማግሌዎቹ በጊዜ ይነሱ በላቸው፣ መምህር።"

የትኞቹ ሽማግሌዎች ብዬ አልጠየቅኩም። እሺ አልኳቸው።