ሽምግልና በብስክሌት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለወይዘሮ የትምወርቅ፣ ደብረ ብርሃን።

እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? የግራ ጉልበትሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ዳገት ላይ ያስቆምሻል? የባለቤትሽ የፍቃዱ ሳልስ ተሻለው? ልጆቹስ፣ ላሞቹስ፣ ያ ነካሽ ውሻሽስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከሁለት ጥርስና ከጥቂት ቆዳ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም። ጥርሱ በዕድሜ ሄደ። ቆዳው የሄደበትን ምክንያት እነግርሻለሁ፤ ደብዳቤውም የተጻፈው ለዚያ ነው። ባለቤቴ ኣስካልም ደህና ናት፤ ድምፅዋ ከበፊቱ ጨምሯል።

ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህር ሔሩይ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። አንዳንዱን ቃል “ይህ በደብዳቤ አይጻፍም” እያለ ሊያለዝብብኝ ይሞክራል። የምልከው ለገዛ እህቴ እንጂ ለመንግሥት አይደለም፣ እንዳልኩት ጻፍ ብዬዋለሁ። እንግዲህ የለሰለሰ ቦታ ካገኘሽ የእሱ ነው፣ ቀጥ ያለው የእኔ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። “ወንድም ጋሼ፣ በሰባ አንድ ዓመትህ ብስክሌት ምን ያደርግልሃል፣ ሽጠውና ቁጭ በል” ብለሻል። መውደቄን ማን ነገራት ብዬ ስጠይቅ፣ ኣስካል ከጀርባዬ አስጽፋ የላከችልሽ መሆኗ ታወቀ። ማን ጻፈላት? ይኸው አሁን አንገቱን ደፍቶ የሚጽፈው ሰው! ዛሬ ነው ያመነልኝ። ስለዚህ ያ እጁ ይህንንም እስከ መጨረሻው ጽፎ ይካስ ብዬ ፈርጄበታለሁ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ አልሸጥም። አሁን ደግሞ ለምን እንደማልሸጥ ስሚ።

አንቺ መቐለን ያየሻት ለሰርጌ ስትመጪ ነው፤ ዛሬ ብታያት አታውቂያትም። እዚህ አገር ብስክሌት የልጅ መጫወቻ አይደለም። ልብስ ሰፊው፣ ዲያቆኑ፣ የቢሮ ጸሐፊው ሁሉ በብስክሌት ነው የሚሄደው። እሁድ ውድድር ሲኖር ሰዉ ሰርግ እንደሚያይ በመንገዱ ዳርና ዳር ይሰለፋል። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በቀዩ ብስክሌቴ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፣ ገበያ እወርዳለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ። ጉልበቴ መሬት ሲረግጥ ይከዳኛል፣ ፔዳል ሲረግጥ ግን ዕድሜውን ይረሳል።

ችግሩ ሾፌሮቹ ናቸው። ሁሉም አይደሉም፣ ጨዋ አለባቸው። ግን ከኋላ መጥቶ ጆሮሽ ሥር ክላክስ የሚለቅ አለ። ገፍቶ ገፍቶ ከዳር ድንጋይ ጋር የሚያጣብቅሽ አለ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ በሩን በመዳፉ ይደበድበዋል፤ አንቺ ስትደነግጪ እነሱ ይሥቃሉ። ከሁሉም የከፋው ሓዱሽ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ነበር፤ ስሙን እንኳ የሰማሁት በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰፈራችን ሓወልቲ አጠገብ ሲያገኘኝ አንገቱን አውጥቶ “ኣቦይ! ገና አልሞትክም እንዴ?” ይለኛል፤ ኣቦይ ማለት አባቴ ነው። የእኔም አፍ አያርፍም፤ “አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ!” እለዋለሁ። “ከመንገዱ ውረድ” ሲለኝ ነው ደሜ የሚፈላው። ይህን መንገድ እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ! አባቱ ሚስት ሳያገባ ጠጠሩን በአካፋ የበተንኩ፣ ሬንጁን ያፈሰስኩ እኔ ነኝ። ያቃጠለኝ ጠባሳ እስከ ዛሬ ክንዴ ላይ አለ። ከገዛ መንገዴ ማን አባቱ ነው የሚያወርደኝ? መምህር ሔሩይ “ማን አባቱ” የሚለውን ሊዘለው ነበር፤ አስቁሜ አስጻፍኩት።

መጀመሪያ የራሴን ዘዴ ሞከርኩ። የወይራ ዱላዬን ኋላ መጫኛው ላይ አግድም አሰርኩት፤ ጫፉ ወደ መንገዱ አንድ ክንድ ይወጣል። የተጠጋኝ መኪና ቀለሙ ይፋቃል፣ ስለዚህ አይጠጋኝም ብዬ ነው። እውነትም ሁለት ቀን ንጉሥ ሆንኩ። በሦስተኛው ቀን ዱላው የአንድ ቄስ ጥላ ጠልፎ ያዘ። ሰው ከኋላዬ “ቁም! ቁም!” ሲል ሾፌሮቹ መስለውኝ ዞር ሳልል ጥላውን እስከ ገበያ ወሰድኩት። ዱላው በዚያው ቀን ተፈታ።

የገና ማግስት ሓዱሽ መኪናውን አስጠግቶ ክላክሱን ጆሮዬ ላይ ለቀቀው። መሪው ከእጄ አመለጠና ቦይ ውስጥ ገባሁ። የፊት ቸርኬው እንደ በግ ቀንድ ተጠመዘዘ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ ነጠላዬ የቦዩን እጣቢ ጠጣ። እሱ አልቆመም። ስብሓት የሚባል ብስክሌት ጠጋኝ አለን፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ እኔንም ብስክሌቴንም አንስቶ ወሰደን። ቸርኬውን ግማሽ ቀን ሳይሞላ አቃናው።

ኣስካል ግን አልተቃናችም። ብስክሌቱን እቃ ቤት አስገብታ ቆለፈችና ቁልፉን አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር አሰረችው። “ያ ልጅ እዚህ በር ላይ ቆሞ በገዛ አፉ ከእንግዲህ አልነካቸውም ካላለኝ ይህ ቁልፍ አይፈታም” አለች። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ያለችውን ስትሽር አይቻት አላውቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደጃፍ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ቀረሁ፣ ማኅበር ቀረሁ፣ ጉልበቴም ይደርቅ ጀመር። የትምዬ፣ ላንቺ አልደብቅም፤ ሽማግሌ የሆንኩት ያን ጊዜ ነው።

ትራፊክ ፖሊሱ ዘንድ በእግሬ ሄድኩ። “ሰሌዳው ስንት ነው?” አለኝ። እኔ ቁጥር የት አውቄ! “ከኋላ ግራ መብራቱ ሥር ተጨርምቷል፣ መስታወቱ ላይ ቀይ ጽጌረዳ ተለጥፏል” አልኩት። ልጁ ሣቁን ዋጥ አድርጎ “ኣቦይ፣ ጽጌረዳ ያለበትን ሁሉ ከያዝኩ ከተማው በእግሩ ሊሄድ ነው” አለኝ። ሐቅ ነው።

ከዚያ ብስክሌተኞች ስብሓት ሱቅ ደጃፍ ተሰበሰብን። አንዱ ድንጋይ በኪሳችን እንያዝ አለ። አንዱ መስታወቱን እንስበር አለ። ልብስ ሰፊው ኣረጋዊ ደግሞ ሚስማር መንገድ ላይ እንበትን ሲል፣ ስብሓት “ዋእ! ሚስማሩ መጀመሪያ የማንን ጎማ የሚበሳ ይመስልሃል?” አለው። ያን ጊዜ ድሮ ተወዳዳሪ የነበረው ገብረመስቀል ተነሳ። “ይህ ልጅ ፖሊስም ድንጋይም አይፈራም። እናቱን ግን ይፈራል። ሰሌዳውን ተዉትና እናቱ ማን እንደሆነች ጠይቁ፤ ሽማግሌ እንልካለን” አለ። ስብሓት አንገቱን ደፍቶ “ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ልጁ ሓዱሽ ነው፣ እናቱ ኣደይ ኣሰለፈች ናት፣ ከእንዳ ኢየሱስ ዳገት በላይ” አለ። እንዴት እንዳወቀው ያን ጊዜ አልጠየቅነውም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አምስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያችንን ለብሰን ተነሳን። ሰዉ አምስት ነው፣ ብስክሌቱ ግን አራት፤ የእኔው ታስሯል። በዕድሜዬ እንደዚያ ተዋርጄ አላውቅም፤ ገብረመስቀል ኋላ እንደ ጤፍ ከረጢት ተጭኜ ሄድኩ። ዳገቱ ላይ ስንደርስ “ሓወይ ከፋለ፣ ወንድሜ፣ ውረድና ግፋ” አለኝ። ወርጄ ገፋሁ።

ጥፋታችን ይኸውልሽ፤ እንመጣለን ብለን አስቀድመን ሰው አልላክንም። ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች እሁድ ጠዋት ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት ደጅ ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ኣደይ ኣሰለፈች ዳናይት የምትባል ሴት ልጅ አለቻት፣ አስተማሪ ናት፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ስታየን እልልታውን ለቀቀችው! ገብረመስቀል አፉን ሳይከፍት “ግቡ፣ ግቡ! ደግሞ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም እንዳትሉኝ፤ ፈቅጃለሁ፣ ተቀመጡ!” አለች። እኛ ተያየን። ማን ይንገራት? እናንተ ጠላ የምትሉት ስዋው ቀረበ፣ ሕምባሻው ተቆረሰ። ኣረጋዊ በጆሮዬ “መጀመሪያ እንቅመስ፣ ከዚያ እንነግራታለን” አለኝ።

ዳናይት ፊቷን በነጠላ ሸፍና መጥታ ጉልበታችንን ሳመች። ቀና ብላ አየችንና ለእናቷ በሹክሹክታ “ስብሓት ነው የላካቸው?” አለቻት። ሹክሹክታውን እኔ እንኳ ሰማሁት። ስብሓት! ቸርኬ አቃኚው ስብሓት! ለካ ቤቱን የሚያውቀው ለዚህ ነው።

ይህን ጊዜ ሓዱሽ ፊቱን በፎጣ እየጠረገ ገባ። ፎጣው ከዓይኑ ሲነሳ እኔን አየኝ፤ የቤቱ ትልቅ ወንበር ላይ፣ በጋቢ፣ የእናቱን ዋንጫ ይዤ። ፎጣውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። እናቱ “ምን ይገትርሃል፣ የእህትህን ሽማግሌዎች ሳም እንጂ!” አለችው። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። የትኛውን ይመስልሻል? ራሱ የላጠውን! ፋሻው ገና አልተፈታም ነበር።

ከዚህ ወዲያ ዝም ማለት አልቻልኩም። “እህቴ ኣሰለፈች፣ ይቅር በይን፣ ለጋብቻ አልመጣንም። ይህ ልጅሽ በመኪና ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጨምሮኛል” ብዬ ጉልበቴን ገልጬ አሳየኋት። የዳናይት ፊት ሲጠወልግ አይቼ አንጀቴን በላኝ። ኣደይ ኣሰለፈች ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። “አንተ ነህ? ሾፌር ልጅ አለኝ እያልኩ ሰው ፊት ስኮራ አንተ አባት ትገፋለህ?” ብላ የዝንብ ጭራዋን አነሳች። የሠላሳ አራት ዓመት ጎረምሳ ከወንበሬ ኋላ ተደበቀ። ገላጋይ የሆንኩት እኔው ነኝ!

የኣስካልን የቁልፍ ነገር ስነግራት ፍርዱን የሰጠችውም እሷ ናት። “በሚመጣው እሁድ መኪናህ ትቁም። ከእነዚህ አባቶች ጋር በብስክሌት ከከተማ ወጥተህ እስከ ኵሓ ትሄዳለህ። ስትመለስ ባለቤታቸው በር ላይ ቆመህ የሚባለውን ትላለህ” አለችው።

እሁድ ደረሰ። ብስክሌት ያዋሰው ስብሓት ነው፤ ለወደፊት አማቹ ብሎ ሰንሰለቱን ሁለቴ ዘይት ቀብቶለታል። እኔ ያው ገብረመስቀል ኋላ ነኝ። ከከተማው ወጣ እንዳልን አንድ ሚኒባስ ከኋላ መጣ፤ የሓዱሽ የገዛ ጓደኛው ነው። ረዳቱ በሩን ደበደበ፣ ክላክሱ ጮኸ፣ “ውረዱ ከመንገዱ፣ ሽማግሌ ሁላ!” ተባልን። እኛ የለመድን ነን፣ መሪያችንን አጥብቀን ያዝን። ሓዱሽ ግን ደንግጦ ቀጥ ብሎ በለስ ውስጥ ገባ። አንቺ የበለስ እሾህ አታውቂም፤ ከፀጉር ይቀጥናል፣ አይታይም፣ ገላ ውስጥ ግን ሳምንት ይከርማል። ከዚያ ውስጥ ተነስቶ ጓደኛውን የሰደበውን ስድብ መምህር ሔሩይ ብዕሩን አስቀምጦ አልጽፍም አለ። በዚህስ አልፈርድበትም፤ እኔ ራሴ ሁለት አዲስ ቃል ተምሬበታለሁ።

እኛ በሣቅ ወገባችንን ያዝን። መኪናው ርቆ ሲሄድ ልጁ ብስክሌቱን ከበለሱ ጎትቶ አወጣ። ወደ እኔ መጥቶ “ኣቦይ ከፋለ፣ ከውጭ ሲሰሙት ይህን ያህል ይጮሃል እንዴ?” አለኝ። የትምዬ፣ ሦስት ሳምንት በልቤ ሳሰናዳው የከረምኩት እሳት የሆነ ንግግር ነበረኝ። እንደዚያ ሲጠይቀኝ ሁሉም ጠፋብኝ። “ይጮሃል፣ ልጄ” ብቻ አልኩትና ድንጋይ ላይ አስቀምጬው እሾሁን ከጆሮው እለቅምለት ጀመር።

ከኵሓ ሲመለስ እያነከሰ ኣስካል በር ላይ ቆሞ፣ በገዛ አፉ፣ የሚባለውን አለ። ኣስካል ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ቁልፉን ከማተቧ ፈታች። ለእኔ ግን አልሰጠችኝም፤ ለእሱ ሰጠችው። “አንተ ያስቆለፍከውን አንተው ክፈት” አለችው።

ሾፌሩ ሁሉ ተመለሰ ብዬ አልዋሽሽም፤ ትናንትም አንዱ አይሱዙ አቧራ አልብሶኛል። ግን አሁን ብስክሌተኛው ድንጋይ አያነሳም፣ ከንፈሩን ነክሶ አይሄድም፤ መኪናው የቆመበት ድረስ ሄዶ በጨዋ ደንብ “እናትህ ማን ናት?” ብሎ ይጠይቃል። ብታዪ ስንቱ መሪውን ወደ መሃል መንገድ እንደሚመልስ! ሓዱሽም ከሩቅ ክላክሱን አንዴ አጠር አድርጎ ያሰማኛል፣ ሰፊ መንገድ ትቶልኝ ያልፋል። አንገቱን ማውጣቱን አልተወም። “ኣቦይ፣ ገና አልሞቱም እንዴ?” ይለኛል፤ አሁን በአንቱታ ነው። እኔም “እህትህን ሳልድር የት እሄዳለሁ!” እለዋለሁ።

አዎ፣ የዳናይት ፊት ጠውልጎ መቅረቱ አላስቻለንም። ያው አምስታችን፣ በዚያው ጋቢ፣ አሁን አስቀድመን ሰው ልከን፣ ለስብሓት ሄድንለት። በዚህኛው ጊዜ አልቀመጥም ብዬ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የወንዱ ሽማግሌ እኔ ነኝና አንቺም ቤተ ዘመድ ነሽ።

ፍቃዱን ለሳሉ ማር በዝንጅብል ይብላ በይልኝ። ናፍቆት ትምህርቷን እንዳትተው፣ ማሂ ደግሞ ብስክሌት እንድትለምድ፣ አጎታችሁ አዟል በያቸው። የነካሽ ውሻሽንም ጆሮ እሺልኝ። ኣስካል ትስምሻለች፤ ስለ ቁልፉ አልጸጸትም ብላለች። መምህር ሔሩይም እጁ ዝሎ ሰላም ብሎሻል።

አንቺ ግን ለሰርጉ ነዪ። ከአውቶቡስ ስትወርጂ ቀዩን ብስክሌት ይዤ እጠብቅሻለሁ። ኋላ መጫኛውን ስብሓት በአዲስ ብረት አጠንክሮታል፣ አንቺን ይችላል። ዳገቱ ላይ ግን ወርደሽ ትገፊያለሽ።

ወንድምሽ ከፋለ
መቐለ፣ ሓወልቲ
የካቲት 22 ቀን 1996 ዓ.ም.