ውሮን ማን ጠየቃት

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ዛሬ ከአያቴ ጋር ድመታችንን ውሮን ከእንግዲህ እንዳትወልድ ብለን ቬተሪናር፣ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ የወለደችው የአያቴ የሰንበት ነጠላ ላይ ነው። አያቴ አሥሬ መክረዋታል፤ እሷ ግን የምትሰማው ዕብራይስጥ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የአያቴ አስተርጓሚ እንደ ልማዴ እኔ ነኝ። ሐኪሙ፣ ልቧ ደካማ ስለሆነ ማደንዘዣ አትችልም፣ ቀዶ ጥገናው ይቅር አለ። ያለው የእርግዝና መከላከያ ወይ ክኒን፣ ወይ በየጥቂት ወሩ መርፌ፣ ወይ ከቆዳዋ ሥር የምትቀበር የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት። ክኒኑና መርፌው ሲቆዩ ሊያሳምሟትም ይችላሉ። የቱ እንደሚሻል ግራ እየገባኝ ተረጎምኩ።

አያቴ፣ "ለመሆኑ እሷን ጠየቋት?" አሉ።

"እምዬ፣ ድመት እኮ ናት!" ብዬ ሳቅኩ። ለሐኪሙም ነገርኩት፤ ሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። "ጎንደር ሆነን ወደዚህ ለመምጣት ስንጠብቅ እኔም በየሦስት ወሩ ተወግቻለሁ። የምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።"

"የምን ነበር?"

"ድመቷን ያዥ።"

ሐኪሙ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። "እናስብበት ብለዋል" አልኩት። እስከ ዛሬ የአያቴን ንግግር የምተረጉመው እየጨማመርኩበት ነበር። ዛሬ ለምን እንደቀነስኩ አላውቅም።