በእርጋታ ተነድታ የታመመችው መኪና

ለውድ እታለሜ ኢሽቤል፣

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ዱኒደን ካለው ቤትሽ ደጃፍ በጤና ይድረስ። እንዴት ከረምሽ? ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሻል? ባለቤትሽ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ በረቱ? እዚያ በጋው ሊገባ ነው ብለሽኝ ነበር። እዚህ ነፋሱ ከምዕራብ መጥቶ የዶሮ ቤቱን ክዳን በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ወስዶታል። ከዚያ በቀር እኛ ደህና ነን። እማማም ደህና ናት፤ እንዲያውም ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስለ እሷ ነው። በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር፤ እሷ ግን አጠገቤ ቆማ "ይኼ ደግሞ ወሬ ሆኖ ነው? ተወው" አለችኝ። ወረቀት ላይ ልታቋርጠኝ አትችልም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። ቀኖቹን ከማስታወሻ ደብተሬ እያየሁ ስለምጽፍ የጨመርኩት የለም። እንደምታውቂው የምናጥነውን ዓሣ በበጋ እንግዳው ይሻማበታል፤ ክረምት ሲገባ ግን ማጠኛ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ማርሳሊ ተስፋ ቆርጣ ኦባን ካለ አንድ የዓሣ ፋብሪካ ሥራ ጠይቃ ነበር፤ ከዲሴምበር ጀምራ እንድትገባም ፈቅደውላታል። ይህ ማለት ባለቤቴና ልጃችን ፔጊ ከተማ ይከርማሉ፣ እኔና እማማ ደሴቱ ላይ እንቀራለን ማለት ነው። መርከቡ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ማዕበል ከፈቀደለት። ልከለክላት አልቻልኩም፣ እውነቷን ነበርና።

በዚህ መሐል ዋናው ምድር ላይ ከተራራው ማዶ ያለው ሆቴል የወጥ ቤት ኃላፊ፣ አሊስዴር የሚባል ሰው፣ ለሽርሽር መጥቶ የእማማን የታጠነ ማኬሬል ዓሣ ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰና ክረምቱን ሙሉ በየሳምንቱ እወስዳለሁ አለኝ። ውሉ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ዓሣውን ራሳችን በመኪናችን ዓርብ ዓርብ ከምሳ በፊት እንድናደርስ። የመጀመሪያዋ ዓርብ ካለፈች ሌላ ሰው አለው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር። ይህን ለማርሳሊ ስነግራት "እንግዲያው ያቺን ዓርብ አይቼ ለፋብሪካው መልስ እሰጣለሁ" አለችኝ። ስለዚህ ቤታችን አንድ ላይ መክረሙም መለያየቱም በዚያች ዓርብ ላይ ተንጠለጠለ።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። ያቺ ሰማያዊ ባለ ናፍጣ የእማማ መኪና እዚህ ደሴት ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ደሴታችን ትንሽ ስለሆነች ዓመታዊ ምርመራ የሚጠይቀን የለም፤ ዋናው ምድር ላይ ለመንዳት ግን የምርመራ ወረቀት ግድ ነው። እኔም ለረቡዕ ቀጠሮ ያዝኩና እንደ ደንቡ ተሰናዳሁ። ጎማ ቀየርኩ፣ ፍሬን አሳደስኩ፣ የተሰበረውን የፍሬቻ መስተዋት ተካሁ፣ ከሥር ያለውን የባሕር ጨው ሳይቀር አጠብኩ። ስለ ሞተሩ ግን ቅንጣት ታህል አልሰጋሁም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰዓት ከሠላሳ ማይል በላይ ያልተነዳች መኪና ምን ልትሆን ትችላለች? እንዲህ ብዬ ለዓርብ የሚደርሰውን ዓሣ በበረዶ ሳጥን ሞላሁና ከእማማ ጋር ረቡዕ ጠዋት መርከብ ላይ ወጣን።

መርማሪው ጊሊስ ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለሰው ፊት የማይሰጥ ሰው ነው። ፍሬኑን አየ፣ አለፈች። መብራቱን አየ፣ አለፈች። እማማ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስተዋቱ ውስጥ ትከታተለዋለች። በመጨረሻ የጭስ መለኪያውን ቱቦ ማርሚታው ውስጥ ሰክቶ ነዳጅ ሲሰጣት ክፍሉ በጭስ ጨለመ። እኔም ነገሩ ሁሉ አብሮ ሲጨልምብኝ ታወቀኝ። ጊሊስ ቱቦውን ነቅሎ እየሳለ ወጣና "የምታጥኑት ዓሣውን ነው ወይስ መኪናዋን?" አለን።

እማማ አልሳቀችም። "ይህች መኪና እንደ እንቁላል ተይዛ ነው የኖረችው" አለችው።

"እሱ ነዋ በሽታዋ፣ እናቴ" አላትና እንዴት እንደምትነዳት ጠየቃት። እሷም ሳትደብቅ ነገረችው፤ መንገዱ ሰባት ማይል ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ ትሄድበታለች፣ ከፊቷ መኪና ከመጣ ጎን ለጎን ቆመው መስኮት አውርደው ይጨዋወታሉ።

"ስትጨዋወቱ ሞተሩን ታጠፊዋለሽ?"

"ነውር አይደል እንዴ? ሞተር ካጠፋሁበት ሰውየው ልትከርምብኝ ነው ብሎ ይሳቀቃል።"

"ለመሆኑ ጨዋታው ስንት ደቂቃ ይፈጃል?"

እማማ እኔን አየችኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ። ኢሽቤል፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሞተሩን ሳናጠፋ "ብዙ አላቆይህም" እያልን ግማሽ ሰዓት የምንቆመው በጨዋ ደንብ ነው። ጊሊስ ግን የመኪናዋን ደንብ አስረዳን። ማርሚታው ጋ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አለ፤ ማጣሪያው የያዘውን የሚያቃጥለው ሞተሩ በደንብ ሲግል ነው። ሳትግል የምትሄድ፣ ቆማ የምታንኮራፋ መኪና ጥቀርሻዋን ስትውጥ ትኖራለች። የእኛዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውጣለች። "ወድቃለች" የሚለውን ወረቀት አትሞ ሰጠኝ። እማማ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ከዚህ ቀደም እንዲያ አንገቷን ደፍታ ያየኋት የአባባ ቀብር ዕለት ብቻ ነው።

ወሬ ከእግር ይፈጥናል። ወደብ ላይ ቆመን ሳለ ዱጋልድ የሚባል ብረት ለቃሚ መጣና በጆሮዬ "ማጣሪያውን ከፍቼ አንጀቱን ላውጣልህ። ከውጭ ያው ቆርቆሮ ነው፣ ማን ያውቃል?" አለኝ። የግማሽ ቀን ሥራ ብቻ እንደሆነም ነገረኝ። አልዋሽሽም፣ ጉዳዩን አሰብኩበት። እንደ ነጋዴ ነው ያሰብኩት፤ መንገድ ላይ አንድ ቀን መያዙ አይቀርም፣ ከተያዘ ኢንሹራንሱ ይፈርሳል፣ ምግብ የሚሸጥ ሰው ስም ደግሞ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ይህን ሁሉ ለእማማ በዝርዝር ሳስረዳት እሷ "ዓሣውን ሳላጥን ቀለም ቀብቼ ብሰጥህ ትሸጠዋለህ?" አለችኝ። እኔ አንድ ሰዓት የፈጀብኝን እሷ በአንድ ቃል ጨረሰችው። ዱጋልድን አመስግነን ወደ ማደሪያችን ሄድን።

ሐሙስ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጋራዥ ያላት ዩና የምትባል መካኒክ ዘንድ ደረስን። ዩና ኮምፒውተሯን ሰክታ አየችና ማጣሪያው ገና አልሞተም አለች። "ዘይቱን እቀይርላችኋለሁ፣ እሱም ጠቁሯል። ዋናው መድኃኒት ግን መንገድ ነው። ሞተሩ ግሎ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ አርባ ደቂቃ ሳትቆሙ ዳገት ዳገቱን መሄድ አለባችሁ።" ችግሩ ግን ወረቀት የሌላት መኪና ጎዳና ላይ እንዳሻት አትሄድም፤ ሕጉ የሚፈቅደው ወደ ጥገና ወይም ወደተቀጠረችበት ምርመራ መሄድ ብቻ ነው።

እኔም ጥቂት አሰብኩና "ሕጉ ምርመራው ስንት ማይል ይራቅ ይላል?" ብዬ ጠየቅኳት።

ዩና መፍቻዋን አስቀመጠች። "አይልም" አለችና ወደ እማማ ዞራ "ይኼ ልጅሽ እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲታይ ጻድቅ ይመስላል" አለቻት።

"ጻድቅ ሱቅ አይከፍትም" አለች እማማ። ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነበር።

ዩና ከተራራው ማዶ፣ ከሆቴሉ አጠገብ ላለ ጋራዥ ደወለችልን። አርባ ማይል ይርቃል፣ ዳገት በዳገት ነው። ለዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ቀጠሩን። ካለፍን ዓሣው ከምሳ በፊት ይደርሳል። ከወደቅን ደግሞ መኪናዋ ከበረዶ ሳጥኖቹ ጋር እዚያው ትቀራለች።

ዓርብ ገና ሲነጋ ተነሣን፤ መሪውን እኔ ያዝኩ። እታለሜ፣ ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። ሱቅ አስተዳድራለሁ፣ ከጅምላ ሻጭ ጋር ተከራክሬ አልሸነፍም፤ ያ ጎዳና ግን አሸነፈኝ። ከፊት የጭነት መኪና ሲመጣ ፍሬን እይዛለሁ፣ ኩርባ ሲመጣ ፍሬን እይዛለሁ። በሠላሳ አምስት ማይል እየተንፏቀቅኩ ስሄድ ከኋላዬ መኪናው እስከ ሐይቁ ጫፍ ተሰልፏል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ብርቱካንማ የማጣሪያ መብራት አልጠፋም አለች። እማማ ወደ ኋላ ዞራ ሰልፉን አየችና "ላክላን፣ ማን ሞቶ ነው የምንሸኘው?" አለችኝ። ቀጥላም በዝግታ "እንዲህ ከሆነ መኪናዋም አትድንም፣ ዓሣውም አይደርስም። ቁምና ውረድ" አለችኝ።

በሰባ ስድስት ዓመቷ፣ ለዚያውም በዚያ መንገድ፣ እንደማይሆን ልነግራት ስጀምር አቋረጠችኝ። "አባትህን ከማግባቴ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ የሄሪንግ ዓሣ ጭኜ በዚህ መንገድ ግላስጎው ድረስ የነዳሁት እኔ ነኝ። ያኔ መንገዱ የዚህ ግማሽ ነበር፣ ፍሬኑም እንደ ቀኑ ነው የሚይዘው። አንተ ገና ዕቅድ ውስጥም አልነበርክም።" ዓሣ ጭና ትሠራ እንደነበር በሩቁ ሰምቻለሁ፤ አንቺስ ሰምተሽ ይሆን? እኔ ግን ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ የምትሄድ ነበር የመሰለኝ። አንድ ጊዜም ጠይቄያት አላውቅም።

ወንበሩን ወደፊት ሳበች፣ መነጽሯን ጠረገች፣ መንገዱ እስኪጸዳ ጠበቀችና ገባች። ሦስተኛ ማርሽ አስገብታ ስትረግጠው መኪናዋ ዘጠኝ ዓመት አውጥታው የማታውቀውን ድምፅ አወጣች። ሃምሳ ማይል፣ ሃምሳ አምስት፣ ከዚያ ስልሳ። ከስልሳ ንቅንቅ አላለችም፤ "ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው" አለችኝ። ኩርባው ሳይደርስ ቀድማ ታቀዘቅዝና ልክ መሐሉ ላይ ትረግጣለች፤ ዓይኗ ከመንገዱ አይነሣም። በዚያ ፍጥነት እንኳ የደሴታችንን ሰላምታ አልተወችም። ከፊት ለሚመጣው ሁሉ፣ ለአውቶቡሱም፣ ለእንጨት ጫኙም፣ አንድ ጣቷን ከመሪው ላይ ብድግ ታደርጋለች። ግማሾቹ ግራ ገባቸው፣ አንዱ እንጨት ጫኝ ግን በጡሩምባ መለሰላት። ከኋላችን መጀመሪያ ጥቁር ጭስ፣ ቀጥሎ ግራጫ ወጣ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝና እጄን በር መክፈቻው ላይ አደረግኩ። "ተወው፣ እየነጻች ነው" አለችኝ። ወደ ተራራው ጫፍ ስንቃረብ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ባይ ጭስ የሚባል ነገር የለም። ጫፉ ላይ ስንደርስ ያቺ መብራት ጠፋች። እማማ አይታለች፤ ማርሹን ለወጠች።

ጋራዡ ስንደርስ ገና አምስት ደቂቃ ይቀረን ነበር። እማማ ሞተሩ እንደጋለ እንዲመረምራት መርማሪውን ጠየቀችው፤ ይህን ዩና ነች የመከረቻት። ቱቦውን ሰክቶ ነዳጅ ሰጠ፣ ደግሞ ሰጠ፣ ከዚያም መሣሪያው የተበላሸ መስሎት መታ መታ አደረገው። ጭሷ ከሚፈቀደው ሩቡን እንኳ አልደረሰም። ረቡዕ ዕለት የወደቀችበትን ወረቀት ሳሳየው ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ "የቀየራችሁት ምንድን ነው?" አለኝ። "ዘይትና ሾፌር" አልኩት።

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሆቴሉ በር ነበርን። አሊስዴር ሳጥኑን ከፍቶ አሸተተ፣ አንዱን ቆርሶ ቀመሰና ለረዳቱ "ለምሳ ይውጣ" አለ። ቀጥሎ የክረምቱን ውል አመጣና፣ በየሳምንቱ በጓሮው በር የሚገባውን ሾፌር ስም እዚህ ጻፉ አለን። እኔ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ እማማ የእሱን ተቀብላ በዚያ በትምህርት ቤት ጽሕፈቷ "ዩፊሚያ ማኪነን" ብላ ጻፈች። አሊስዴር አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። "እሱ ሳጥን ያወርዳል" አለችው።

አሁን ደሴቱ ከዳር እስከ ዳር ስለ እሷ ያወራል። ቅዳሜ ዕለት ጎረቤታችንን ዶናልድ ጆንን መንገድ ላይ አግኝታ ስትቆም ሞተሩን ብታጠፋ፣ ሰውየው ደንግጦ "ምን ደረሰባችሁ፣ ማን ታመመ?" ብሎ ከመኪናው ወረደ። የመኪናዋን ደንብ አስረዳችው፤ አሁን ሞተር ማጥፋት የጀመሩ ሦስት ቤቶች አሉ። ጨዋታው ግን ከድሮውም ረዝሟል።

ከትናንት በስቲያ ሁለተኛውን ጭነት አደረስን። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ሳጥኖቹን እጠብቃለሁ፣ እሷ ትነዳለች። እታለሜ፣ ነጋዴ ያለውን ሁሉ አውቆ ይቆጥራል ይባላል፤ እኔ ግን አርባ አምስት ዓመት አብሬያት ኖሬ እናቴን አሳንሼ ቆጥሬያት ነበር። አሁን በየደረስኩበት ልጇ እንደሆንኩ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ማርሳሊ ሰኞ ዕለት ለፋብሪካው ደውላ እንደማትመጣ ነገረቻቸው። ስልኩን ዘግታ ወደ ማጠኛ ቤት ወረደችና ዓሣ የሚታጠንበትን የኦክ እንጨት ፍልጥ ከእማማ እጅ ተቀበለቻት።

ለባለቤትሽ ለግሬግ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቁን ልጅሽን ፊንሌይን፣ ትንሿን ኢሎናን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ። ማርሳሊ የእህትነት ሰላምታዋን ትልክልሻለች፤ ፔጊ ጥርሷ መውለቁን አክስቴ ትወቅልኝ ብላለች። አጎት ኖርማን ጆሮው ቢከብድም ስምሽን ስንጠራ ይሰማል፤ ሰላም ብሎሻል። እማማ ምን እንደምጽፍ ጠይቃኝ "ስለ አየር ጠባይ ነው" አልኳት። ሰላም በልልኝ፣ ጉልበቷንም በሱፍ ትጠቅልለው ብላለች።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ላክላን ማኪነን

ትሮናሳይ ደሴት
ኖቬምበር 24 ቀን 2019