ከጩኮው ሥር ያለው

ለወንድሜ ለሞቲ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍህ፣ ምግብህ ደህና ነው? እኛ በጌታ ቸርነት ሁላችን ደህና ነን፤ ካንተ ሐሳብ በቀር የጎደለብን የለም።

እዚያ መንገድ ሥራ ካምፕ ስልክ ስለማይሠራ ይህን በሾፌሩ በኢብሳ እጅ ሰድጃለሁ። እባክህ ቆመህ አንብበው። ባለፈው ከሚዛን ስትደውል እማዬ የገብስ ዱቄት በቅቤ ለውሳ የሠራችውን ጩኮ በዕቃ አድራሾቹ እንደላክሁልህ ነግሬህ ነበር። መድኃኒትህ ለብቻው የሚመጣ መስሎህ ይሆናል። በፌስታል ጠቅልዬ ከጩኮው ሥር ቀብሬዋለሁ። ሰው መሃል ሆነህ ስለደወልህ አፌን ያዝሁ። ዕቃ አድራሹ ድርጅት የሐኪም ወረቀት ካላየ መድኃኒት አይቀበልም፤ ስምህም ከሚጥል በሽታ ጋር እንዲጻፍ አልፈለግሁም። ስለዚህ «ምግብ ነው» ብዬ ፈረምሁ። ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ!

ትናንት ልጠይቅ ብሄድ ሠራተኛዋ ድንቅቱ ውሉን አነበበችልኝ። ሳጥኑ መንገድ ተዘግቶበት ዘግይቶ ሚዛን ገብቷል። የዘገየ ምግብ ደግሞ ተቀባዩ ተጠይቆ ይጣላል፤ ተቀባዩ ካልተገኘም ሳይጠየቅ ይጣላል። ጩኮ እንኳን ሳምንት ወራትም ይቆያል ብዬ ጮህሁባት። እሷም ጩኮ በልታ ያደገች የጌዶ ልጅ መሆኗን፣ ውሉ ግን ምግብ ከማለት በቀር ጩኮ የሚባል ነገር እንደማያውቅ ነገረችኝ። መድኃኒት አለበት ልላት ስል፣ ያልተገለጸ ዕቃ ከተገኘ ይወረሳል የሚለውን ማንበብ ጀመረች። ላኪ ማስቆም አይችልም፤ ተቀባዩ ራሱ መታወቂያ ይዞ መቅረብ አለበት። መድኃኒቱን ሳልነግራት ወጣሁ። ወንድሜ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ፤ ተበላሽቷል ካሉህ ሳትከፍተው «ይጣል» ትላለህ። እንዳትል! ይህን እንዳነበብህ መታወቂያህን ይዘህ ሚዛን ሂድና ሳጥኑን ራስህ ተረከብ። ተጥሎ ከደረስህም ወደ ካምፕ አትመለስ፣ ከዚያው ወደ ሆስፒታል ሂድ። መድኃኒቱን እስክትይዝ ድረስ የምትሠሩት ድልድይ ላይ አትውጣ፤ አለቃህ ቢቆጣም ይቆጣ።

አባዬ በጸሎቱ አልረሳህም፣ ሰላም ብሎሃል። አክስታችን ሲንቄ መቼ ነው የሚያገባው እያለች ነው፣ እሷ እንደሆነች አትለወጥም። እማዬ ግን ማታ ማታ «ሞቲ ኮ፣ የኔ ሞቲ፣ ጩኮውን በላው?» ትለኛለች። በልቶታል እላታለሁ። ያን ጊዜ ስትወድቅ ራስህ ምድጃው ላይ ሳያርፍ የያዘችህ እሷ ናት። እዚያ ሕመምህን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር።

እህትህ ዱረቲ
አምቦ፣ ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.