በግድ ስለረካችው ጣቴ

ለተከበሩ የመዝናኛ ፓርኩ ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደ ገቢዎ ከወር ወር እየጨመረ እንዲሄድ ከልብ እየተመኘሁ፣ ግራ እጄ መጻፍ ገና ስላልለመደ ለፊደሌ መጣመም አስቀድሜ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ። ባለፈው እሑድ፣ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ደጅ ወጥታ የማታውቀውን ታላቅ እህቴን «እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ትንሽ ሳቂ» ብዬ ወደ ግቢዎ ይዣት መጣሁ። ስለ መስተንግዶዎ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ውድ ቲኬት የቆረጡት እያለፉን ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ስላቆሙን እናመሰግናለን፤ ሁለት አባቶች በወረፋ ምክንያት ተጣልተው ልጆቻቸው ፊት በቡጢ ሲፋለሙ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አይተናል።

ሁለተኛ፣ የበራሪው ወንበር ቀበቶ አልቆልፍ ሲል ሠራተኛዎ በሲባጎ አስሮልናል። ሲባጎው አየር ላይ ሲፈታ እህቴ ወንበሩ የተንጠለጠለበትን ሰንሰለት ሙጭጭ አድርጋ ይዛ ተረፈች፤ ስትወርድ ግን መዳፏ ተልጦ ቀሚሷ ደም በደም ሆኖ ነበር።

ሦስተኛው በአንድ መስመር አያልቅልኝም። መውጫው በር የሚከፈተው ከጎኑ ባለ ማሽን ላይ የሚስቅ ወይም የሚያለቅስ ፊት ያለበት ቁልፍ ሲጫኑ ነው፤ ከበላዩም «የረካ ደንበኛ ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞም ይገዛል» የሚል የእርስዎ ቃል ተጽፏል። እኔም ሳልዋሽ የሚያለቅሰውን ተጫንኩ። በሩ አልተከፈተም። አንድ ጠብደል ጥበቃ መጥቶ «አባባ፣ ተሳስተዋል፣ የሚስቀውን ይጫኑ» አለኝ። «አልተሳሳትኩም ልጄ፣ የእህቴን እጅ እየው» ብዬ ያንኑ ደገምኩት። ያን ጊዜ አንገቴን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ፣ አመልካች ጣቴን ጠምዝዞ የሚስቀው ፊት ላይ ደፈጠጣት። ቀጭ ስትል ሰማኋት። ማሽኑም በለስላሳ የሴት ድምፅ «ስለረኩ ደስ ብሎናል» አለኝና በሩ ተከፈተ።

እህቴ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ማየት የማትወድ ሴት ናት። በዚያች ቅጽበት ግን የጥበቃውን የብረት በርጩማ አንስታ አፉን ስትለው ሁለት ጥርሱ መሬት ላይ ተንከባለለ። ከኋላችን ለመውጣት የተሰለፈውም ሰው ያመቀውን ንዴት ይዞ ተከተላት፤ ማሽኑን ነቅለው የአሻንጉሊት መሸጫዎን መስታወት አደቀቁበት። በሁከት የከሰሷቸው ሁለት ሽማግሎች እንግዲህ እኛ ነን።

ሐኪሙ ጣቴ ከእንግዲህ እንደማትታጠፍ ነግሮኛል። ጠዋት ጠዋት እህቴ በተጠቀለለ እጇ መርፌዬ ላይ ክር ታስገባልኛለች፤ ግራ እጄ ስፌቱን ሲያጣምም እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች።

ከምስጋና ብዛት እጅ መንሳት ያቃተኝ፣ ማስታወቂያዎ ረክተዋል ከሚላቸው ዘጠና ስምንት በመቶ ደንበኞች ጋር በጉልበት የተቆጠርኩ፣

ልብስ ሰፊው ደንበኛዎ

ማስታወሻ፦ ያ ጥበቃዎ ትናንት ሱቄ ድረስ መጣ። ገና ከሩቅ ሳየው መቀሴን ጨበጥኩ። ለካ «ጥርስ የሌለው ሠራተኛ ደንበኛ ያስከፋል» ብለው አባረውታል። «አባባ፣ ጠምዝዘህም ቢሆን አስጫን ያሉኝ ሥራ አስኪያጁ ናቸው» ብሎ ፊቴ አለቀሰ። ሐሙስ ችሎት ላይ ምስክሬ ነው። የተቀደደ ኮቱን ለመስፋት ግን እስከ ዓርብ እንዲታገሠኝ ነግሬዋለሁ፤ ጉቦ ነው እንዳይሉን።